ዕቅዱን ከፈተናው ሳምንት መጀመር፦ ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና የሚያግዝ የሰውነት እንቅስቃሴ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዋነኛነት ከቤተሰብ ርቀው በዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በዶርም ለሚኖሩ ተማሪዎች ነው። ከቤታቸው እየተመላለሱ የሚማሩና ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎችም አብዛኛውን ክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ እግር የማይጎዳ ጫማ፣ ክዳኑ የማያፈስ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እና ከደብተር ላይ አንድ ገጽ። ጂም መመዝገብ ወይም አዲስ ቱታ መግዛት አያስፈልግም።

ብዙ ተማሪ ሴሚስተሩ ሲጀመር በየማለዳው ለመሮጥ ይወስናል። ሁለት ሳምንት ይሮጣል፣ ሚድ ሲቃረብ ይተወዋል፣ ፋይናል ሲደርስ ደግሞ ከዶርም ወደ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ወደ ካፌ ከመመላለስ በቀር አይንቀሳቀስም። በዚህ መንገድ እንቅስቃሴው የሚቋረጠው ጭንቀቱ ከፍ በሚልበትና እንቅልፍ በሚዛባበት ጊዜ፣ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ሳምንት ነው። ስለዚህ እዚህ የቀረበው አሠራር የተለመደውን ቅደም ተከተል ይገለብጣል። ዕቅዱ በመጀመሪያ የሚነደፈው ለሴሚስተሩ እጅግ አስቸጋሪ ሳምንት ነው፤ ለሌላው ጊዜ የሚሆነው በዚያ ላይ ይጨመራል።

አስቀድሞ፦ ምን መጠበቅ ይቻላል?

የሰውነት እንቅስቃሴ ስሜትን የሚያሻሽለው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ «ኢንዶርፊን» (ሰውነት ራሱ የሚያመነጨው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር) ተብሎ የሚነገረው ማብራሪያ ከእውነታው በጣም የቀለለ ነው፤ በደም ውስጥ የሚጨምረው ኢንዶርፊን ወደ አንጎል በቀላሉ አይዘልቅም። ተማሪ ራሱ ሊያስተውላቸው የሚችሉ ሌሎች መንገዶች አሉ። ቀን የደከመ ሰውነት ማታ በተሻለ ሁኔታ ይተኛል። አንድን ሐሳብ እያመላለሰ የሚያመነዥክ አእምሮ በእርምጃና በትንፋሽ ላይ ሲያተኩር ለጥቂት ጊዜ ይላቀቃል። ከሰው ጋር መጫወት ብቸኝነትን ይቀንሳል። በተጨማሪም ምንም ያልተሳካ በሚመስልበት ቀን የተጠናቀቀ አንድ ትንሽ ሥራ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ግምገማ 218 ጥናቶችንና ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎችን አጠቃሎ የተመለከተ ሲሆን፣ በተለይ የእግር ጉዞና ሶምሶማ፣ ዮጋ እና የጥንካሬ እንቅስቃሴ የድባቴ (ዲፕሬሽን) ምልክቶችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የጥንካሬ እንቅስቃሴ በወጣቶችና በሴቶች ዘንድ የተሻለ ውጤት ነበረው። ከተጠቃለሉት ጥናቶች ብዙዎቹ የጥራት ጉድለት እንዳለባቸው አዘጋጆቹ ራሳቸው ገልጸዋል። ይህን የምጠቅሰው አንባቢ እንቅስቃሴን እንደ ተአምር መድኃኒት እንዳይወስደው ነው፤ ድጋፍ ነው፣ ለአንዳንዱ ተማሪ ትልቅ ለሌላው ደግሞ መጠነኛ ድጋፍ።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን መመዝገብ

ምንም ከመለወጣችሁ በፊት በደብተሩ ገጽ ላይ ለሦስት ቀን አራት ነገሮችን ጻፉ፦ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተኛችሁ፣ ለስንት ሰዓት ያህል እንደተቀመጣችሁ፣ ምን ያህል ደቂቃ እንደተራመዳችሁ እና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ስሜታችሁ ከ10 ስንት እንደሆነ። ክብደት አይመዘገብም። መስተዋት ውስጥ የሚታየው ለውጥ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ እሱን መለኪያ ያደረገ ተማሪ እንቅልፉና ስሜቱ እየተሻሻለ ሳለ «ምንም አልጠቀመኝም» ብሎ ሊተወው ይችላል።

ደረጃ 2፦ የማይቀነሰውን 10 ደቂቃ መወሰን

አሁን ያለፈውን ሴሚስተር የፋይናል ሳምንት አስታውሱ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ቀናት ያስታውስ። በዚያ ሳምንት፣ እንቅልፍ ባጣችሁበትና ገና ያልተነበበ ሞጁል በቀረበት ቀን፣ ምን ያህል እንቅስቃሴ ማድረግ ትችሉ ነበር? ለብዙው ሰው ሐቀኛው መልስ 10 ደቂቃ ነው። እንግዲያውስ መሠረቱ እሱ ነው።

10 ደቂቃ ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክር አንድ እንቅስቃሴ እንዲቆጠር ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መደረግ አለበት ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር ግን ይህን ገደብ አንሥቶ፣ ማንኛውም የጊዜ ርዝመት ያለው እንቅስቃሴ ይጠቅማል ብሏል። በተማሪ ሕይወት ውስጥ ደግሞ የ10 ደቂቃው ዋና ጥቅም ልማዱ እንዳይበጠስ ማድረጉ ነው።

ቀጥሎ 10 ደቂቃውን በየቀኑ ከማይቀር አንድ ነገር ጋር እሰሩት። «ጊዜ ሳገኝ እራመዳለሁ» የሚል ዕቅድ ጊዜ አያገኝም። «ቁርስ በልቼ ከካፌ ስወጣ ወደ ክፍል የምሄደው በረጅሙ መንገድ ነው» ወይም «የማታው ምግብ እንዳለቀ ወደ ላይብረሪ ከመግባቴ በፊት ሜዳውን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር በገጹ ራስጌ ላይ ጻፉ። ስሜቱ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በተለይ ድባቴ የተጫነው ሰው ፍላጎቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከጀመረ በኋላ እንጂ ከመጀመሩ በፊት አይደለም። ጫማ አጥልቆ ከዶርም በር መውጣት ብቻውን የዕለቱ ሥራ ግማሽ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ የእንቅስቃሴውን ዓይነት መምረጥ

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ባሸነፉበት አገር ውስጥ «ስፖርት ሥሩ» ሲባል ብዙው ሰው መወዳደር ይመስለዋል፤ በትምህርት ቤት ስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ የመጨረሻ የነበረ ልጅ ደግሞ እንቅስቃሴን ከማፈር ጋር አያይዞ ይዞት ይመጣል። እዚህ ግን የሚቀዳደም የለም።

ለመነሻ ፈጣን የእግር ጉዞ ይበቃል። ፍጥነቱን ለመለካት ሰዓትም ሆነ መተግበሪያ አይጠይቅም፦ እየተራመዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ፣ ዘፈን መዝፈን ግን ካቃታችሁ መካከለኛ ጥንካሬ ላይ ናችሁ። ከጥቂት ቃል በኋላ ትንፋሽ ከቆረጣችሁ ከፍተኛ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ምክር መሠረት ዕድሜው 18 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከፍተኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልገዋል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ነው። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል 21 ደቂቃ ገደማ ስለሚመጣ፣ የማይቀነሰው 10 ደቂቃ የጉዞው ግማሽ ሊባል ይችላል።

ለጥንካሬው ጀሪካኑ ይበቃል። ውኃ በሚጠፋበት ግቢ ጀሪካን ከአልጋ ሥር ሞልቶ መቀመጡ የተለመደ ነው፤ ባለ 5 ሊትሩ ሲሞላ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በዶርም ውስጥ በሁለት አልጋዎች መካከል ባለው ቦታ ላይ ይህን በቅደም ተከተል ሥሩ፦

1. ለሁለት ደቂቃ በቦታችሁ ላይ እየተራመዳችሁና ትከሻችሁን እያዞራችሁ ሰውነታችሁን አሟሙቁ።
2. ቁጭ ብድግ 10 ጊዜ፤ ተረከዝ ከመሬት አይነሣ፣ ከብዶ ከተገኘ ወንበር ላይ ቁጭ እያሉ መነሣት ይቻላል።
3. ፑሽ አፕ 8 ጊዜ፤ መሬት ላይ የማይችል ሰው ግድግዳ ወይም የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ተደግፎ ይሥራ።
4. በአንድ እጅ አልጋውን ተደግፋችሁ፣ ጀርባችሁን ሳታጎብጡ ጎንበስ ብላችሁ፣ በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ ወገባችሁ ሳቡ፤ በእያንዳንዱ እጅ 10 ጊዜ።
5. በክርንና በእግር ጣት ተደግፋችሁ ሰውነታችሁን እንደ ጣውላ ቀጥ አድርጋችሁ 20 ሰከንድ ቆዩ።

ከ2 እስከ 5 ያለውን አንድ ደቂቃ እያረፋችሁ ሁለት ጊዜ ድገሙት። ይህ 10 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተከታታይ ቀናት ሳይሆን ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ይሁን።

መራመድም ማንሣትም የሚሰለቸው ሰው ኳስ ይጫወት፣ መረብ ኳስ ይሞክር፣ ገመድ ይዝለል። በስልክ ሙዚቃ ከፍቶ 10 ደቂቃ ያለማቋረጥ እስክስታ መምታትም ልብን የሚያሠራ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ያልሞከረው ይሞክረውና ትንፋሹን ያዳምጥ።

ደረጃ 4፦ ቦታ፣ ሰዓትና ጓደኛ

ለሴት ተማሪዎች «ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታችሁ ሩጡ» ብሎ መምከር የሚያጋጥማቸውን ለከፋና ሥጋት አለማየት ነው። ብርሃን ባለበትና ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ሁለት ሦስት ሆኖ፣ በግቢው አጥር ውስጥ መንቀሳቀስ ይመረጣል። ይህ በማይቻልበት ቀን የዶርሙ የጀሪካን ሥራ ሙሉ ምትክ ነው፣ ቅናሽ አይደለም። በተረፈ ምድባቸው ከሞቃት ቆላ ወደ ደጋ የሆነ ተማሪዎች አዲስ አበባን በመሰሉ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ከተሞች፣ ይልቁንም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥራቸው ደካማ ስለሆኑ አይደለም፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ፍጥነት ይቀንሱ። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የተመደበ ደግሞ ቀትርን ይሽሽ፣ ውኃ በእጁ ይያዝ።

ጓደኛ ስትመርጡ ጎበዝ ስፖርተኛ አትፈልጉ። ከእናንተ ብዙ የማይፈጥንና ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ይሻላል። በየሠፈሩ እሑድ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱ ጎልማሶች የሚያቋቁሟቸው ጤና ቡድኖች ለዓመታት የሚዘልቁት የቀረ ሰው «የት ጠፋህ?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ይመስለኛል። በዶርምም ይህን ማድረግ ይቻላል፦ ሦስት ሰው ተስማምቶ አንድ ሰዓት ይቆርጣል፣ የቀረውን ሌሎቹ ይጠይቁታል። መውቀስ ግን አያስፈልግም፤ በጥፋተኝነት የሚነዳ ሰው ብዙ አይቆይም።

ደረጃ 5፦ የልብ ምትን መላመድ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ተማሪ ቢኖር ይህን ክፍል ቢወስድ እመርጣለሁ።

ፈተና ክፍል ገብታችሁ ወረቀቱ ሲታደል ልብ ይመታል፣ መዳፍ ያልባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ብዙ ተማሪ ይህን ሲያይ «አለቀልኝ፣ ሁሉም ጠፋብኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጓሜው ራሱ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፣ ፍርሃቱም ልቡን ይበልጥ ያስመታዋል። እነዚሁ ምልክቶች ግን አራት ፎቅ ደረጃ በፍጥነት ስትወጡም ይመጣሉ፤ ያኔ ማንም አይደነግጥም፣ ምክንያቱን ያውቀዋልና። ደጋግሞ የተንቀሳቀሰ ሰው የሚመታ ልብ አደጋ ማለት እንዳልሆነ ይማራል፤ ይህን የሚማረው በቃል ሳይሆን በሰውነቱ ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የዶርማችሁን ደረጃ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት ውጡ፤ ደረጃ ከሌለ በቦታችሁ ላይ ጉልበት ከፍ እያደረጋችሁ ሩጡ። ከዚያ ቆማችሁ ሁለት ጣታችሁን አንገታችሁ ጎን ላይ አድርጉና የልብ ምታችሁን ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙ። ምቱ እስኪረግብ ድረስ ስልክ ሳትነኩ፣ ራሳችሁን ለማረጋጋት ሳትታገሉ፣ የሚሆነውን ብቻ ተከታተሉ። በየደቂቃው እየቆጠራችሁ ለመርገብ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት ነገር ታስተውሉ ይሆናል፤ የሚረግብበት ጊዜ ያጥራል፣ ስሜቱም ይለመዳል። ፈተና ክፍል ውስጥ ልባችሁ ሲመታ «ይህ የደረጃው ስሜት ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይረግባል» ማለት የምትችሉት ከዚህ ተነሥታችሁ ነው።

የልብ ሕመም፣ አስም ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለበት፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመውና ራሱን የሚያዞረው ተማሪ ይህን ልምምድ ከመሞከሩ በፊት ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሂድ።

ደረጃ 6፦ ከጥናት ጋር ማዋሐድ

በየ50 ደቂቃው ጥናት አምስት ደቂቃ ተነሥታችሁ ተራመዱ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይቅር፤ ቴሌግራም እያዩ የሚደረግ እረፍት ዓይንንም ሐሳብንም አያሳርፍም። በፈተናው ዕለት ጠዋት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ መራመድ በቂ ነው። ያን ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም፣ ከባድ ሩጫም አይሮጥም፣ በእጅም ሃንድአውት አይያዝም።

ከፈተና በኋላ ያለው ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረሳል። በሩ ላይ ተሰብስቦ «ሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው?» እያሉ መልስ ማመሳከር የቀጣዩን ፈተና ጥናት ሲያበላሽ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ መልስ ላለማንሣት ከተስማማችሁት ጓደኛ ጋር 20 ደቂቃ ተራመዱ፣ ከዚያ ምሳ ብሉ።

ደረጃ 7፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጾምና ጫት

ከባድ እንቅስቃሴን ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ አታድርጉ። ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ቢቀር ለእንቅልፍ ይበጃል።

በጾም ወቅት እንቅስቃሴን ማቋረጥ ግዴታ አይደለም፤ ሰዓቱንና መጠኑን መለወጥ ግን ያስፈልጋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ተማሪ ቀለል ያለውን ጉዞ ወደ ምግብ ሰዓቱ አስጠግቶ ያድርግ፤ በረመዳን የሚጾም ደግሞ ከማፍጠሪያ በፊት በዝግታ ይራመድ፣ ጠንከር ያለውን ካፈጠረ በኋላ ምግቡ ረጋ ሲል ይሥራ። ለሁለቱም ዘመናዊ የስፖርት መጠጥ አያስፈልግም፤ በሶ በቂ ነው።

ጫትን በተመለከተ ግልጽ መሆን ይሻላል። ለፈተና ሲባል የሚቃም ጫት በምርቃናው ሰዓት ትኩረት የሰጠ ይመስላል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ያባርራል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ በማግሥቱም ሐራራውና የከበደው ስሜት ይከተላል። ምርቃናውን ለማብረድ በጨብሲ መጠጥ ሲጨመርበት ሌሊቱ ጭራሽ ይበላሻል። ጫት በተቃመበት ሰዓት ከባድ ሩጫም ሆነ የደረጃው ልምምድ አይደረግ፤ ልብ በሁለት አቅጣጫ ይጫናል። ለመተው የወሰነ ተማሪ የሚቅምበትን ሰዓት በኳስ ወይም በጉዞ ቢይዘው ይረዳዋል፤ ያ ሰዓት ባዶ ሆኖ ሲቀር መመለስ ይቀላል።

ደረጃ 8፦ እንቅስቃሴ የማይበቃበትን ጊዜ መለየት

እንቅልፍ ማጣት ወይም ከልክ በላይ መተኛት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ይወዱት የነበረውን ነገር መጥላት፣ ተስፋ መቁረጥና ማተኮር አለመቻል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ፣ ደረጃዎቹን ሁሉ ብትፈጽሙም ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ሥነ ልቦና ምክር አገልግሎቱ መሄድ አለባችሁ። በአዲስ አበባ ላሉ ተማሪዎች አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለላቸው። ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፦ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በዚያው ሰዓት ለዶርም ጓደኛ ወይም ለፕሮክተር (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ተናገሩ፣ አብሯችሁ ወደ ሕክምና ይሂድ። ጸበልም ሆነ ዱዓ ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

የታመመን ጓደኛ «ስፖርት ስላልሠራህ ነው» ማለት ክፉ ምክር ነው። «ልራመድ ነው፣ አብረኸኝ ውጣ» ማለት ግን ይቻላል፤ እምቢ ካለም ነገ መልሶ መጠየቅ።

በሌላ በኩል እንቅስቃሴው ራሱ ጭንቀት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የበላችሁትን «ለማቃጠል» የምትሮጡ ከሆነ፣ ሕመም ወይም ጉዳት እያለ ማቋረጥ ካቃታችሁ፣ አንድ ቀን ሲቀር ራሳችሁን የምትጠሉ ከሆነ፣ ይህም ለምክር አገልግሎቱ የሚነገር ጉዳይ ነው።

ደረጃ 9፦ መጨመር፣ መቁረጥና መመለስ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በ10 ደቂቃው ብቻ ቆዩ፤ ብትችሉም አትጨምሩ። በሦስተኛው ሳምንት ከሰባቱ ቀናት በሦስቱ ወደ 20 ደቂቃ፣ በአራተኛው ወደ 30 ደቂቃ ከፍ አድርጉ፤ የጀሪካኑንም ሥራ ያኔ ጀምሩ። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ እንደገና ለሦስት ቀን ተመሳሳዩን መዝገብ ሙሉና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ስሜቱ ሳይለወጥ እንቅልፉ ከተሻሻለ ይቀጥላል። ሁለቱም ካልተለወጡ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ወይም ሰዓቱን ቀይሩ፤ ብቻችሁን ትሠሩ ከነበረ ከሰው ጋር ሞክሩት።

ፋይናል ሲገባ ያለ ጸጸት ወደ 10 ደቂቃው ውረዱ፤ ዕቅዱ ከመጀመሪያው የተሠራው ለዚያ ነው። ለሴሚስተር ዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ የታሰረበት ካፌና ላይብረሪ ስለሚቀር፣ ከቤቱ ውሎ ጋር እንደ አዲስ እሰሩት፤ እናትን ገበያ ማጀብ ወይም ውኃ መቅዳት ይሆናል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከተቋረጠ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ከ10 ደቂቃው ተጀምሮ በዚያው ለሦስት ቀን ይቆያል፤ የቀረውን ለማካካስ ተብሎ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሮጥም።